መብራት ሲጠፋ ውኃው ወዴት ይሄዳል? ለቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ የቧንቧ ስፋትና የቫልቭ አመራረጥ

ሲያትል፦ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2024) ምሽት ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የተነሣ ብርቱ አውሎ ነፋስ የዋሽንግተን ግዛትን ምዕራባዊ ክፍል መታ። ነፋሱ ግዙፍ ዛፎችን እየነቀለ በኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ ጣለ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞች በጨለማ አደሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለቀናት መብራት አላገኙም።

እንዲህ ባለ ሌሊት ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ቤቱ ማሞቂያና ስለ ማቀዝቀዣው ምግብ ነው። በሳሎኑ የዓሣ ገንዳ ያለው ሰው ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ያዳምጣል። ፓምፑ ጸጥ ካለ በኋላ በቧንቧዎቹ ውስጥ ቁልቁል የሚንፎለፎለውን ውኃ ያዳምጣል። ውኃው ወርዶ የሚያርፍበት በቂ ቦታ ካለው ችግር የለም። ከሌለው ግን ምንጣፉን፣ የእንጨት ወለሉን፣ ቀጥሎም ከታች ያለውን ጎረቤት ኮርኒስ ያገኛል።

የዓሣ ገንዳ ቧንቧ ስለ መምረጥ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው የሚያተኩረው ፓምፑ እየሠራ ሳለ በሰዓት ስንት ሊትር ያልፋል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከታች እንመለስበታለን። ይሁን እንጂ ቧንቧና ቫልቭ ከሁሉ አስቀድሞ መመረጥ ያለበት ፓምፑ ድንገት በሚቆምበትና መውረጃው ድንገት በሚደፈንበት ደቂቃ ምን እንደሚሆን ታስቦ ነው።

የሲያትል ነዋሪ በዚህ ረገድ ትልቅ ምሳሌ በከተማው አለው። በኤሊየት የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ በፒየር 59 ላይ የሚገኘው የሲያትል አኳሪየም እ.ኤ.አ. በ1977 ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን፣ ለገንዳዎቹ የሚሆነውን የጨው ውኃ ከዚያው ከፊቱ ካለው ባሕር ይስባል። ጎብኚዎች ገብተው ዓሦቹን ከውስጥ ሆነው የሚያዩበት ጉልላት ያለው ገንዳ ብቻውን 400,000 ጋሎን፣ ማለትም 1.5 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ደግሞ ኦሽን ፓቪሊዮን የተባለው አዲሱ ሕንፃ ከሞቃታማ ባሕር በመጡ ዓሦችና ኮራሎች ተሞልቶ ተከፍቷል። ከመስታወቱ በስተጀርባ፣ ጎብኚው በማያየው ክፍል ውስጥ ውኃውን የሚያስተዳድሩት ፓምፕ፣ ቧንቧና ቫልቭ ናቸው። የቤት ገንዳም የሚመራው በዚያው የተፈጥሮ ሕግ ነው። ነገር ግን የቤት ገንዳ ባለሙያ አይመደብለትም። ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ የሚጠብቀው አስቀድሞ በትክክል የተዘረጋ ቧንቧ ብቻ ነው።

ሮቶን ያወቀ ሳምፕን ያውቃል

ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት የአዲስ አበባ ሠፈር ለኖረ ሰው ይህን ሥርዓት መረዳት አይከብድም። በግቢው መሬት ላይ ማጠራቀሚያ አለ፤ ፓምፕ ውኃውን ወደ ላይ ይገፋል፤ ከፍ ባለ የብረት መቆሚያ ላይ የተቀመጠው ሮቶ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ ውኃው በራሱ ክብደት ወደ ቤት ይወርዳል። በአኳሪየም የሮቶውን ቦታ የያዘው ዓሦቹ የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ነው። ከሥሩ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ደግሞ ሳምፕ የሚባል ሁለተኛ ገንዳ ይቀመጣል። ማጣሪያው፣ ማሞቂያውና ፓምፑ በዚያ ስለሚሆኑ ሳሎኑ ከኮተት ይድናል። ውኃው ከላይኛው ገንዳ ጠርዝ ሞልቶ በመውረጃ ቧንቧ ወደ ሳምፑ ይገባል፤ ፓምፑም በመመለሻ ቧንቧ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ዙረቱ ሌት ተቀን አይቋረጥም።

ሮቶ የሚተክል ጥሩ ቧንቧ ሠራተኛ ሞልቶ የሚፈስበትን ቧንቧ ከሚያስገባው ቧንቧ አያሳንሰውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚያስገባውን የሚገፋው ግፊት ነው፤ የሚያስወጣውን የሚረዳው ግን የመሬት ስበት ብቻ ነው። በአኳሪየምም ሁለቱ ቧንቧዎች በዚሁ ይለያያሉ። መመለሻው ከጠበበ ጉዳቱ በኤሌክትሪክ ሒሳብና በደከመ ፍሰት ይታያል። መውረጃው ከጠበበ ግን ጉዳቱ የሚታየው ወለል ላይ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ የተለመደ ገንዳ እንውሰድ። በአሜሪካ መደብሮች በብዛት የሚሸጠው ባለ 75 ጋሎን ገንዳ 284 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ርዝመቱ 122፣ ወርዱ 46 ሴንቲ ሜትር ነው። ውኃው በሰዓት አምስት ጊዜ ይዙር ብንል 1,400 ሊትር በሰዓት ያስፈልገናል። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሰው ስሌት ሁሉ በዚህ ገንዳ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንባቢ የራሱን ገንዳ ልክ ተክቶ ሊያሰላው ይችላል።

አንድ ኢንች ያልሆነው "አንድ ኢንች"

ወደ መደብር ሄዶ ባለ አንድ ኢንች የፒቪሲ ቧንቧ የገዛ ሰው ማስመሪያ ቢያወጣ ይገረማል። የውጭው ስፋት 33.4 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ኢንች ግን 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። የውስጡ ስፋት 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እርሱም ከግድግዳው ውፍረት ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። "አንድ ኢንች" የሚለው እንግዲህ የቤተሰብ ስም እንጂ ልክ አይደለም። ባለ ግማሽ ኢንቹም እንዲሁ ውጩ 21.3፣ ውስጡ 15.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

በአውሮፓ ወይም በኢትዮጵያ ያለ አንባቢ ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። በአዲስ አበባ ገበያ የሚገኙት የፒፒአር ቧንቧዎች 20፣ 25፣ 32 ሚሊ ሜትር እየተባሉ ሲሸጡ የሚጠሩት በውጭ ስፋታቸው ነው። ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ባለ 25 ሚሊ ሜትሩ ውኃ የሚያሳልፍበት ቀዳዳ ከአሜሪካው ባለ አንድ ኢንች በጣም ይጠባል። ከአሜሪካ የተላከ ፓምፕ ወይም ቫልቭ ከአገር ቤት ቧንቧ ጋር ለማገናኘት ያሰበ ሰው ስሙን ትቶ የውጩንም የውስጡንም ስፋት ለክቶ ይነሣ።

የውስጡ ስፋት ይህን ያህል የሚያሳስበን ለምንድን ነው? ውኃ በቧንቧ ሲያልፍ ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል፤ ፍትጊያውም የፓምፑን ጉልበት ይበላል። በእኩል ፍሰት ላይ ይህ ብክነት ከቧንቧው ስፋት ጋር የሚለዋወጠው በአምስተኛ ርቢ ገደማ ነው። የቧንቧው ስፋት በእጥፍ ቢጨምር ብክነቱ ወደ 30ኛው እጅ ይወርዳል።

ወደ ገንዳችን እንመለስ። መመለሻው ከነማጠፊያዎቹ የ3 ሜትር ቀጥ ያለ ቧንቧ ያህል ነው እንበል። 1,400 ሊትር በሰዓት በባለ አንድ ኢንች ቢያልፍ በፍትጊያ የሚጠፋው ግፊት 7 ሴንቲ ሜትር ውኃ ያህል ነው። በባለ ሦስት ሩብ ኢንች 25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በባለ ግማሽ ኢንች ግን አንድ ሜትር ሊሞላ ይቃረባል። ፓምፑ ውኃውን በእውነቱ የሚያወጣው 1.2 ሜትር ከፍታ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ጠባቡ ቧንቧ ገንዳውን ሌላ አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ የሰቀለው ያህል ያደክመዋል። በፓምፑ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው የፍሰት ቁጥር ከፍታም ፍትጊያም በሌለበት የተለካ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። መታየት ያለበት በየከፍታው ስንት ሊትር እንደሚሰጥ የሚያሳየው ግራፍ ነው።

ማጠፊያዎችም የራሳቸው ዋጋ አላቸው። አንድ ባለ 90 ዲግሪ ኤልቦ በአንድ ኢንች ቧንቧ ላይ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ተጨማሪ ቧንቧ ያህል ያደናቅፋል። ብዙ ሰዎች በአንድ ባለ 90 ፈንታ ሁለት ባለ 45 መጠቀም ብክነቱን እንደሚቀንስ ይነግሩዎታል። የቧንቧ ሠራተኞች ሰንጠረዥ ግን ይህን አይደግፍም፤ ሁለቱ ባለ 45 ኤልቦዎች ሲደመሩ ከአንዱ ባለ 90 ጋር እኩል ይመጣሉ። የሚሻለው በሰፊው የሚዞር ማጠፊያ መምረጥ፣ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ የማጠፊያዎቹን ቁጥር መቀነስ ነው። ከፓምፑ አፍ አጠገብ አጭር ለስላሳ ጎማ ማስገባትም ይጠቅማል። የፓምፑ ንዝረት ወደ ቁም ሣጥኑ እንዳይተላለፍ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በሬክተር መለኪያ 6.8 የደረሰውን የኒስኳሊ የመሬት መንቀጥቀጥ ባየች ከተማ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ድርቅ ያለ ቧንቧ መዘርጋት ብልህነት አይመስለኝም።

ቁልቁል የሚወርደው ውኃ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በመውረጃው ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በአንድ ቧንቧ ውስጥ ውኃ በሁለት መንገድ ሊወርድ ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም እጅግ ሰፊ ነው።

በመጀመሪያው መንገድ ውኃው ከአየር ጋር ተደባልቆ ይወርዳል። የቧንቧውን ግድግዳ ታክኮ ይንሸራተታል፤ መሐሉ አየር ነው። የሕንፃ ቧንቧ መሐንዲሶች ቀጥ ብሎ የሚወርድ የፍሳሽ ቧንቧ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉ ብቻ በውኃ እንዲያዝ አድርገው የሚያሰሉት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ካለፈ ውኃው አየሩን ያንቃል፤ ይንኮራኮራል፤ ይተፋል። በሩብ ስሌት ባለ አንድ ኢንች ቧንቧ በሰዓት የሚያወርደው 700 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ የእኛ ገንዳ የሚፈልገውን ግማሽ ማለት ነው። ባለ አንድ ተኩል ኢንች ግን 2,200 ሊትር ያህል ያወርዳል። ከላይ ተሸፍኖ ትንሽ የአየር ቀዳዳ የሚበጅለት፣ ዱርሶ በሚባል ስም የሚታወቀው መውረጃ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ ፍሰቱ ሲበዛበት ግን ሳሎኑን በጉርጉርታ ይሞላዋል።

ሁለተኛው መንገድ ሲፎን ነው። ከበርሜል ናፍጣ በጎማ ሲቀዳ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቧንቧው አንዴ ሙሉ በሙሉ በውኃ ከተሞላ የሚወርደው ውኃ ክብደት የላዩን እየሳበ ያመጣዋል። በላይኛው የውኃ ገጽና በሳምፑ የውኃ ገጽ መካከል 70 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ቢኖር፣ ያው ባለ አንድ ኢንች ቧንቧ ፍትጊያውና ማጠፊያው ተቀንሶ እንኳ በሰዓት 4,000 ሊትር ገደማ ሊያወርድ ይችላል። አየር ስለሌለውም ድምፅ የለውም። በቧንቧው ውስጥ አየር አለ ወይስ የለም የሚለው ብቻ አቅሙን ከአምስት እጥፍ በላይ ይለውጠዋል።

ታዲያ ሁሉም ሰው ሲፎን ለምን አይጠቀምም? ሲፎኑ 4,000 ሊትር መውሰድ እየቻለ ፓምፑ የሚሰጠው 1,400 ብቻ ከሆነ፣ ሲፎኑ ውኃውን ጨርሶ አየር ይስባል፤ ይቋረጣል፤ ውኃው ተመልሶ ሲሞላ እንደገና ይጀምራል። በየደቂቃው የሚደጋገም የማስታወክ ድምፅ ይፈጠራል። ስለዚህ ሲፎኑን ወደሚፈለገው ፍሰት የሚገታ ቫልቭ ያስፈልጋል። ቫልቭ ባለበት ቧንቧ ደግሞ መደፈን አለ። አንዲት ቀንድ አውጣ ወይም የአልጌ ቁራጭ በጠበበው አፍ ላይ ብትቀመጥ ፓምፑ ከታች መግፋቱን አያቆምም፤ ውኃው በገንዳው ጠርዝ ይወጣል።

መፍትሔው ሁለተኛ፣ ደረቅ መውረጃ ነው። በአኳሪየም ወዳጆች ዘንድ ሄርቢ የሚባለው አሠራር አንድ ቫልቭ ያለው ሲፎንና ከእርሱ ከፍ ብሎ አፉን የከፈተ አንድ የአደጋ ጊዜ ቧንቧ አለው። ቢን አኒማል የሚባለው ደግሞ በሁለቱ መካከል ትንሽ ውኃ ሁልጊዜ የሚያወርድ ሦስተኛ ቧንቧ ይጨምራል፤ ይህም ሲፎኑ ትንሽ ቢዛነፍ ልዩነቱን እርሱ ይወስዳል ማለት ነው። ገንዳውን ለመብሳት ዕድል ያለው ሰው ሦስተኛውን ቀዳዳ ቢያክል አይጸጸትም እላለሁ፤ ቦታ ያጠረው በሁለት ይብቃው። በአንድ ብቻ መወሰን ግን አይገባም።

የአደጋ ጊዜው ቧንቧ መጠን እንዴት ይመረጣል? ሥራው በድንገት መጀመር ስለሆነ ሲፎን እስኪሆን አይጠበቅም። አየር እየተደባለቀበትም ቢሆን የፓምፑን ሙሉ ፍሰት መቻል አለበት። ስለዚህ ለዚህ ገንዳ ባለ አንድ ተኩል ኢንች ይሁን። ሲፎኑ አንድ ኢንች ሆኖ "የማይሠራው" ቧንቧ ከሚሠራው መስፋቱ ለብዙዎች ግራ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ከላይ ያየነው ነው። በዚህ ቧንቧ ላይ ቫልቭ ፈጽሞ አይገባም፤ ወንፊትም አይደረግበትም።

መስታወቱን ከመብሳት በፊት ሁለት ነገር ይረጋገጥ። በሙቀት የተጠናከረ መስታወት ሲበሳ ተሰብሮ ይበተናል፤ የብዙ ገንዳዎች ወለል እንዲህ ያለ መስታወት ነው። ቧንቧውን በመስታወቱ የሚያሳልፈው ባልክሄድ የተባለው ማያያዣ ደግሞ የሚፈልገው ቀዳዳ ከቧንቧው ስም በጣም ይሰፋል፤ ዕቃው በእጅ ገብቶ ሳይለካ መሰርሰሪያ አይነሣም።

የትኛው ቫልቭ የት?

ቦል ቫልቭ በውስጡ የተበሳ ኳስ አለው፤ እጀታው ሩብ ዙር ሲዞር ከሙሉ ዝግ ወደ ሙሉ ክፍት ይሄዳል። ለመዝጋትና ለመክፈት የሚተካከለው የለም። ሲፎንን ለማስተካከል ግን አይሆንም፤ እጀታው በጣት ንክኪ ያህል ሲንቀሳቀስ ፍሰቱ በመቶዎች ሊትር ይለወጣል። ጌት ቫልቭ በአንጻሩ መዝጊያውን በጥርስ እየገፋ ቀስ ብሎ ያወርደዋል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ ብዙ ዙር ይጠይቃል። የሲፎን ቧንቧ ላይ የሚገባው እርሱ ነው። ዋጋው ከቦል ቫልቭ ቢበልጥም በዚህ አንድ ቦታ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

በመመለሻው ላይ ቦል ቫልቭ ይበቃል። ከፓምፑ በኋላ ይቀመጥ እንጂ ውኃ በሚስብበት በኩል አይሁን፤ የሚስበውን ማነቅ ፓምፑን ይጎዳል። በሁለቱም ወገን ተፈትቶ የሚወጣ ዩኒየን ያለው ቢሆን ደግሞ ፓምፑን ለማጽዳት ቧንቧ መቁረጥ አይኖርም። በሙጫ የተጣበቀ ፒቪሲ ተመልሶ እንደማይለያይ ያልተረዱ ሰዎች ይህን የሚማሩት በመጋዝ ነው።

ቼክ ቫልቭ የሚባለው፣ ውኃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርገው፣ ብዙ ሰው የሚታመንበት ግን እኔ የማልመክረው ነው። በወረቀት ላይ ፓምፑ ሲቆም ክዳኑ ይዘጋል፤ ውኃው አይመለስም። በጨው ውኃ ውስጥ ግን በክዳኑ ዙሪያ የኖራ ቅርፊት ያላቸው ትሎችና አልጌ ይበቅላሉ። የስንዴ ፍሬ የምታህል ቅርፊት ክዳኑን ከፍ አድርጋ ከያዘችው ቫልቩ ቫልቭ መሆኑ ያበቃል፤ ይህ መሆኑም የሚታወቀው መብራት በጠፋ ሌሊት ነው። እንደ ተጨማሪ ጥበቃ ሊገባ ይችላል። ስሌቱ ግን እርሱ እንደሌለ ሆኖ ይሠራ።

ስለ ቁሱ በአጭሩ፦ በቧንቧ ዕቃ መደብር የሚታየው የሚያብረቀርቅ የነሐስ ቫልቭ ለአኳሪየም አይገዛም። በውስጡ ያለው መዳብ በጨው ውኃ እየሟሟ ኮራሎችን፣ ቀንድ አውጣዎችንና ሽሪምፖችን ይገድላል። ዚንክ የተቀባ የብረት ቧንቧም እንዲሁ ይቅር። ፒቪሲ ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት ያለበት ይመረጥ። ሙጫው በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ፣ በሲያትል ክረምት ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሰው በቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው የበጋ ሰዓት በላይ ይታገሥ።

ፓምፑ ሲቆም

አሁን ወደ ተነሣንበት ሌሊት እንመለስ። መብራት ጠፋ። ፓምፑ ቆመ። መመለሻ ቧንቧው ግን አሁንም በውኃ የተሞላ ነው፤ አንዱ ጫፉ በላይኛው ገንዳ፣ ሌላው በሳምፑ ውስጥ ነው። ይህ ማንም ያላሰበው ሁለተኛ ሲፎን ነው። ውኃው በቆመው ፓምፕ መሐል አልፎ ወደ ኋላ ይፈስሳል፤ የሚያቆመውም የቧንቧው አፍ ከውኃው ገጽ በላይ ሆኖ አየር ሲስብ ብቻ ነው።

በእኛ ገንዳ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 5.6 ሊትር ነው። የመመለሻው አፍ ከውኃው ገጽ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከሆነ የተቀመጠው፣ የሚመለሰው 17 ሊትር ያህል ነው፤ በቧንቧዎቹና በመፍሰሻ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሲጨመር ከ25 ሊትር አይበልጥም። ውኃው በገንዳው ሥር ጥሩ እንዲዘዋወር ብሎ አፉን 25 ሴንቲ ሜትር ያወረደው ሰው ግን 140 ሊትር ይወርድበታል። ሳምፑ እስከ አፉ 110 ሊትር የሚይዝና በሥራ ላይ 75 ሊትር ያለበት ቢሆን ክፍት ቦታው 35 ሊትር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቤት ምንም አይሆንም። በሁለተኛው ቤት ከ100 ሊትር በላይ፣ ማለትም አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የጨው ውኃ ወለል ላይ ይፈስሳል። የሁለቱ ቤቶች ፓምፕ፣ ቧንቧና ቫልቭ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የለያያቸው የአፉ ከፍታ ነው።

አንዳንዶች አፉን ዝቅ አድርገው ከውኃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ በቧንቧው ላይ ይበሳሉ። ቀዳዳው ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ይሠራል። ሆኖም ከቼክ ቫልቩ ጋር የሚጋራው ድካም አለ፤ አልጌ ይደፍነዋል። አፉን ከፍ ማድረግ ግን የሚደፈን ነገር የለውም።

ከመውረዱም በኋላ ችግሩ አያበቃም፤ ውኃው ካልዞረ ዓሦቹ ኦክስጅን ያጥራቸዋል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ በመሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ርካሽ መድኅን ነው። እዚህ ላይ ከዓሣ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ አለ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2006) በዚሁ አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን በጨለማ ባስቀረው አውሎ ነፋስ፣ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱና ጄኔሬተር ያስነሡ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍነው ሞተዋል፤ ከእነርሱም መካከል ስደተኛ ቤተሰቦች ነበሩ። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። ገንዳውን ለማሞቅም ሆነ ፓምፑን ለማስነሣት ሲባል ከሰል ወይም ጄኔሬተር ወደ ቤት፣ ወደ በረንዳ ወይም ወደ ጋራዥ አይግባ።

የፈሰሰውን ለመተካት ከቧንቧ ውኃ የሚቀዳ ሰውም ያስተውል። የሲያትል ውኃ ከሴዳርና ከቶልት ወንዞች የሚመጣ፣ ማዕድን ያነሰው ለስላሳ ውኃ ነው። በክሎሪን የታከመ ስለሆነ ማርከሻ ሳይደረግበት ወደ ገንዳው አይገባም።

ዓሣ ከመግባቱ በፊት የሚደረግ ፈተና

ቧንቧው ተዘርግቶ ሙጫው ከደረቀ በኋላ ገንዳው በተራ የቧንቧ ውኃ ይሞላ። ዓሣም ጨውም አይግባበት። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ደጋን ሠርተው ይንጠልጠሉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ፓምፑን ያስነሡ፤ ጌት ቫልቩን ቀስ በቀስ እየዘጉ ድምፁ እስኪጠፋና በመፍሰሻ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ውኃ በአንድ ከፍታ እስኪረጋ ይጠብቁ። ከእያንዳንዱ ትንሽ ዙር በኋላ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል።

ከዚያ ሶኬቱን ይንቀሉ። ቼክ ቫልቭ ካለ ክዳኑ ወጥቶ ይሁን። ውኃው መውረዱን እስኪያቆም ይጠብቁና በሳምፑ ግድግዳ ላይ የደረሰበትን ቦታ በማይለቅ ቀለም ያስምሩ። ከመስመሩ በላይ አራት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ካልቀረ፣ በሥራ ጊዜ በሳምፑ የሚኖረው ውኃ ይቀነስ ወይም የመመለሻው አፍ ከፍ ይበል።

ሶኬቱን መልሰው ይሰኩ። ሲፎኑ አየሩን አስወጥቶ ያለ እርዳታ በራሱ መጀመር አለበት፤ ውኃው ለጥቂት ጊዜ ወደ አደጋ ጊዜው ቧንቧ ቢደርስና ተመልሶ ቢወርድ ትክክል ነው። ካልጀመረ የሲፎኑ ጫፍ በሳምፑ ውኃ ውስጥ ምን ያህል እንደጠለቀ ይመልከቱ፤ ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ አየሩ መውጫ አጥቶ ነውና ይቆረጥ።

በመጨረሻም ፓምፑ እየሠራ የሲፎኑን አፍ በእጅ መዳፍ ይድፈኑት። ውኃው ይነሣል፤ የአደጋ ጊዜው ቧንቧ እያገሳ ይቀበለዋል። እጅዎን ሳያነሡ አምስት ደቂቃ ይቁሙና የላይኛውን ገንዳ ጠርዝ ይመልከቱ። ጠርዙ ደረቅ ከሆነ ጨው መግዛት ይቻላል።